ስለ መንገደኛ መጽሐፍና ስለ ዕለት ኑሮ

ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው የመንገዱን ነገር ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚያስቀድመው ታላላቁን ነገር ነው። የነገሥታቱን ስም፥ የግብሩን ብዛት፥ የሕንፃውን ቁመት፥ የተቀበሉትን የመኳንንት ማዕርግ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የበላውን እንጀራ፥ ያደረበትን ቤት፥ የገበያውን ሁካታ፥ የድኻውን ልብስ ግን ለመጽሐፍ የማይገባ ተራ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። ዘመን ባለፈ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። የነገሥታቱ ስም በሌላም መጽሐፍ ይገኛል፤ የዚያን ቀን እንጀራ ግን ያ መንገደኛ ካልጻፈው በቀር ማንም ሊያገኘው አይችልም።

ይህን የሚጠራጠር ቢኖር የግብረ ሐዋርያትን መጨረሻ ይመልከት። ቅዱስ ሉቃስ የቅዱስ ጳውሎስን የሮማ መንገድ ሲጽፍ፥ በመርከቡ የነበሩት ነፍሳት 276 እንደ ነበሩ፥ መርከበኞቹ የባሕሩን ጥልቀት ሁለት ጊዜ እንደ ለኩ፥ በመርከቡም በስተኋላ አራት መልሕቅ እንደ ጣሉ ሳይናገር አላለፈም። ወንጌልን ለማስተማር ይህ ኹሉ ዝርዝር ምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይኾናል። ነገር ግን መልሕቁን ቈጥሮ የጻፈ ምስክር ስለ ተአምራቱ ሲናገር ቃሉ ይታመናል። ስለዚህ የመንገደኛ መጽሐፍ የሚመዘነው በትንንሹ ነገር ባለው ታማኝነት ነው።

በዚህ ሚዛን ሊመዘኑ ከሚገባቸው መጻሕፍት አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ነው። መጽሐፉ በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን ከተማ ታተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠራውም ዘመን ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ንግሥት እሌኒ አስቀድመው ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ልከው ነበርና፥ ለዚያ መልስ ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋራ ከተላኩት ሰዎች መካከል አልቫሬዝ አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርደው፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ተቀምጠው፥ በ1526 በዚያው በር ተመለሱ። የመልእክቱ ዋና ነገር ሁለቱ መንግሥታት በቀይ ባሕር ላይ ኃይላቸውን እንዲያስተባብሩ ነበር። ዛሬ የደብዳቤዎቹን ቃል የሚመረምር የታሪክ ሊቅ ብቻ ነው። የቄሱን መጽሐፍ ግን ተራ አንባቢ እንኳ ከዠመረው መተው አይኾንለትም፤ ምክንያቱም ከመልእክቱ ይልቅ የመንገዱን ነገር አብዝቶ ስለሚናገር ነው።

አልቫሬዝ ካህን ናቸውና ዐይናቸው አስቀድሞ የሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሰው ኹሉ ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ፥ በውስጥ የሚቀመጥ እንደሌለ፥ ቆሞ ለማስቀደስ መቋሚያ እንደሚደገፍ፥ ደወሉ ከድንጋይ እንደ ተሠራ፥ የቍርባኑ ኅብስት በተለየ ቤት እንደሚጋገር፥ ወይኑም ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ጽፈዋል። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ወርዶ በእግሩ አልፎ፥ ራቅ ካለ በኋላ እንደገና እንደሚቀመጥ ተመልክተዋል። ከቤተ ክርስቲያንም ወደ ገበያ ሲወጡ የጨው አሞሌ እንደ ገንዘብ እንደሚቈጠር፥ ከጨው አገርም እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው እየበዛ እንደሚሄድ አስተውለዋል። ዐፄው ከሰፈር ወደ ሰፈር በተጓዙ ጊዜም የዐሥራ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ታቦታት በካህናት ትከሻ ላይ ኾነው እንደሚሄዱ፥ ዲያቆናት በፊታቸው ቃጭል እያሰሙና እያጠኑ እንደሚቀድሙ፥ መንገደኛውም ኹሉ መንገዱን ለቅቆ እንደሚቆም ቈጥረው ጽፈዋል።

አንድ የአገር ካህን ይህን ቢያነብ፥ ማንም የሚያውቀው ነገር ለምን ይጻፋል ብሎ ይደነቅ ይኾናል። የመጽሐፉ ዋጋ ግን በዚሁ ላይ ነው። ዛሬ በማኅሌት የሚቆም ደብተራ የተደገፈው መቋሚያ፥ ከቤተ ልሔም የሚወጣው ኅብስት፥ በገጠር አድባራት የሚሰማው የድንጋይ ደወል ከ500 ዓመት በፊትም እንዲሁ እንደ ነበረ በቀንና በስፍራ ለይቶ የሚመሰክር ባዕድ ምስክር ተገኝቷል ማለት ነው። የቤት ልጅ ስለ ቤቱ ሲመሰክር ለቤቱ አደላ ሊባል ይችላል፤ እንግዳው የመሰከረውን ግን ማን ያስተባብላል?

ይህን ምስክርነት የሚያጸናው አልቫሬዝ ዐይናቸውንና ጆሯቸውን ለይተው መጻፋቸው ነው። በላሊበላ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ አይተው፥ የያንዳንዱን አሠራር ከገለጹ በኋላ፥ የሚያነበው ሰው ሐሰት ይለኛል ብለው ፈርተው ብዕራቸውን አቁመዋል፤ የጻፉትም እውነት እንደ ኾነ በእግዚአብሔር ስም ምለዋል። ይህ መሐላ የመጽሐፉ ጌጥ ነው። ጸሓፊው አንባቢውን ለማስደነቅ አልተጣጣሩም፤ ይልቁንም የአንባቢው መደነቅ እውነቱን እንዳያጠፋባቸው ሠግተዋል። በጆሯቸው ብቻ የሰሙትን በጻፉበት ስፍራ ግን መጽሐፉ ይደክማል። ከዳሞት ወዲያ አሉ ስለ ተባሉት ጦረኞች ሴቶች የጻፉት የግሪክን ተረት የሚመስል ወሬ ነው፤ እርሳቸውም እንደ ሰሙት አድርገው ያቀርቡታል እንጂ አየሁ አይሉም።

ከዚህ የሚብሰው ጕድለት በመጽሐፉ ስም ላይ ያለው ነው። አውሮፓውያን ከብዙ ዘመን ዠምረው ካህኑ ዮሐንስ የሚሉት አንድ ታላቅ ክርስቲያን ንጉሥ በምሥራቅ አለ ብለው ይፈልጉ ነበር። አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ድንኳን ደጅ ጠንተው፥ ንጉሡን በዐይናቸው አይተው፥ ከአፋቸው ሰምተው ሳለ፥ በመጽሐፋቸው ከዳር እስከ ዳር የሚጠሯቸው በዚያው በተረት ስም ነው። ስድስት ዓመት ያየ ዐይን ከቤቱ ይዞት የመጣውን አንድ ስም ሊጥል አልቻለም። መንገደኛ ኹሉ ከዚህ ሊማር ይገባዋል፤ ከስንቅ ይልቅ የሚከብደው ከአገር ሳይወጡ የያዙት አሳብ ነውና።

የመጽሐፉ ልብ ግን ስለ ሥርዐት በተከራከሩበት ስፍራ ነው። በ1521 በጥምቀት በዓል አልቫሬዝ በንጉሡ ሰፈር ነበሩ። ለጥምቀቱ የተቈፈረው ጕድጓድ በሳንቃ ተደልድሎ፥ ሰም የተነከረ ጨርቅ ተነጥፎበት፥ ውኃ እንደ ተሞላ ጽፈዋል። ብርዱ ጽኑ ነበር። የንጉሡ መምህር የነበሩት ሽማግሌ ካህን እስከ ትከሻቸው በውኃው ውስጥ ቆመው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሕዝቡን ሲያጠምቁ አይተዋል። ዐፄው ስለዚህ ሥርዐት ምን እንደሚሉ ጠየቋቸው፤ አልቫሬዝም ጥምቀት አንዲት ናት፥ አትደገምም ብለው መለሱ። ንጉሡ ደግሞ ሥርዐቱ በአያታቸው ዘመን እንደ ቆመና ነፍሳት እንዳይጠፉ የታሰበ እንደ ኾነ ነገሯቸው።

በሌላ ስፍራም አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎችን ሲክኑ ተመለከቱ። ከእነርሱም መካከል ዕውራንና አካለ ጐደሎዎች፥ ለዲቍና የቀረቡም ገና በእቅፍ ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ቄሱ ይህን ለጳጳሱ ሳይደብቁ ነቀፉ። አቡነ ማርቆስም እርሳቸው አርጅተዋልና፥ ከግብጽ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና፥ ሕፃናቱ ይህን ቀን ካጡ ክህነትን ሳያገኙ እንዳይቀሩ ነው ብለው መለሱላቸው። ይህን መልስ ሳይጽፉት ቢያልፉ ኖሮ ለአንባቢ የሚቀርለት ነቀፌታ ብቻ በኾነ ነበር። መልሱ ስለ ተጻፈ ግን በዚያ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ጭንቀት እስከ ዛሬ ይሰማል። ጳጳስ ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበትን ችግር ከዚህ ገጽ የበለጠ የሚያሳይ ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም፤ ያም ችግር ፈጽሞ የተፈታው ከ400 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1959 አቡነ ባስልዮስ የመዠመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ኾነው በተሾሙ ጊዜ ነው።

ነቃፊነታቸው እንዲህ የበረታው ቄስ በአንበጣው ጊዜ ግን ከነቃፊነት ወጥተው ከአገሩ ሰው ጋራ አንድ ኾነዋል። በድባርዋ ሳሉ አንበጣ ሰማዩን ሸፍኖ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ መድኀኒት ፍለጋ ወደ እርሳቸው መጡ። ቄሱም ካህናቱንና ምእመናኑን አሰልፈው፥ መስቀልና ታቦት አስይዘው፥ እግዚኦ እያስባሉ ወደ እርሻው ወጡ፤ ጥቂት አንበጣም አስይዘው በሦስት ሰዓት ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲሄዱ በጽሑፍ ገዘቷቸው። ወዲያው ማዕበልና በረዶ መጥቶ አንበጣው እንዳለቀ፥ ሬሳውም በወንዝ ዳር እንደ ተከመረ ይናገራሉ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ገሚሱ ቅዱሳን እንዳላቸው፥ ገሚሱ ግን አስማተኞች እንዳላቸው ሳይደብቁ ጽፈዋል። ለራሱ ክብር የሚጽፍ ሰው የመዠመሪያውን ብቻ ጽፎ ሁለተኛውን በተወው ነበር።

አኹን የመጽሐፉን እውነተኛ ዋጋ የሚያሳይ ነገር ይከተላል። አልቫሬዝ ከምጽዋ ከተነሡ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1529፥ የሽምብራ ቍሬ ጦርነት ኾነ፤ ከዚያም የግራኝ አሕመድ ሠራዊት በአገሩ ላይ ተበተነ። ዐፄ ናዖድ ዠምረዋት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት፥ በወርቅ ያጌጠችው መካነ ሥላሴ በ1531 ተቃጠለች። አልቫሬዝ በ1521 የዐፄ ናዖድ ዐፅም ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ሲፈልስ በበዓሉ ላይ ነበሩ። የአኵስም ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም በ1535 ጠፋች፤ በስፍራዋ ያለችው አሮጌይቱ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራች ናት። የቀደመችው ጽዮን በውስጧ በአምስት ረድፍ የተመደበች እንደ ነበረች ዛሬ ሊቃውንት የሚናገሩት በአልቫሬዝ ምስክርነት ነው።

በዚያ ዘመን በአኵስም የነበሩት ካህናት በየቀኑ በእነዚያ ዐምዶች መካከል እየተመላለሱ ያመሰግኑ ነበር። ከእነርሱ መካከል በቅኔና በትርጓሜ ከእንግዳው ቄስ የሚበልጡ ሊቃውንት እንደ ነበሩ አያጠራጥርም። ዐምዶቹን ቈጥሮ የጻፈው ግን አላፊ አግዳሚው ኾነ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለ፥ ዘወትር የሚያዩት ነገር ዘወትር የሚኖር ይመስላልና ማንም ሊጽፈው አያስብም። እሳት በመጣ ጊዜ ግን አስቀድሞ የሚጠፋው ያ ሳይጻፍ የቀረው ነው።

በዚህ ስፍራ ከአልቫሬዝ ጋራ ሊነጻጸር የሚገባው ሌላ መንገደኛ ካህን አለ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ልጅ ነው። አባ ጸጋ ዘአብ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ኾነው ከአልቫሬዝ ጋራ በአንድ መርከብ ተነሥተው በ1527 ሊዝቦን ገቡ። አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ሳሉ በድንኳናቸው እንዲቀድሱ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ንጉሡም የልብሰ ተክህኖአቸውን ምሥጢር አንድ በአንድ እየጠየቁ በትዕግሥት ሰምተዋቸዋል። አባ ጸጋ ዘአብ ግን በሊዝቦን ስለ ሃይማኖታቸው በመምህራን ፊት ተመረመሩ፤ ከቅዱስ ቍርባንም ተከለከሉ። ከብዙ ዓመት እንግልት በኋላ በ1534 የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዐት የሚገልጽ ጽሑፍ ጻፉ፤ ዳሚያኦ ደ ጎይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሊቅም ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን ከተማ አሳተመው።

በዚህ ጽሑፍ አባ ጸጋ ዘአብ አልቫሬዝ በጥምቀት በዓል ላነሡት ክርክር መልስ ሰጥተዋል። በየዓመቱ የሚደረገው ጥምቀት ለመዳን የግድ ነው ተብሎ ሳይኾን ለመድኀኒታችን ክብርና ምስጋና የሚደረግ እንደ ኾነ አስረድተዋል። ይህ መልስ ንጉሡ ከሰጡት መልስ ጋራ ቃል በቃል አንድ አይደለም፤ የካህኑ መልስ ከአንዲት ጥምቀት ትምህርት ጋራ አጥብቆ የሚስማማ ነው። ደግሞም ስለ ጾምና ስለ ምግብ ልማድ ተብሎ አንዱ ክርስቲያን ሌላውን እንደ ጠላት ሊያርቀው እንደማይገባ፥ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳም በወንድማማች ፍቅር ሊቀበሉት እንደሚገባ ተማጽነዋል።

እንግዲህ 1540 ብዙ ነገር የተገናኘበት ዓመት ነው። ስለ ኢትዮጵያ የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝቦን፥ የአባ ጸጋ ዘአብም ቃል በሉቨን ታተመ፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ዐረፉ። የእንግዳው መጽሐፍ በአገሩ ታትሞ ሲነበብ፥ የኢትዮጵያዊው ካህን ቃል ያለበት መጽሐፍ ግን በፖርቱጋል እንዳይዘዋወር ተከለከለ። አባ ጸጋ ዘአብም አገራቸውን ሳያዩ በመንገድ ሞቱ።

አባ ጸጋ ዘአብ ስለ ሊዝቦን መንገድ፥ ስለ ወደቡ መርከብ፥ ስለ ሕዝቡ አበላልና አለባበስ የጻፉት የለም። በዚህ ሊነቀፉ አይገባም። ለሃይማኖቱ የሚከራከር ሰው ገበያ ለመመልከት ጊዜ የለውም፤ በእንግድነቱ ቤት የተሰጠው ሰው ግን ዐይኑን በነጻነት ያዞራል። ይህን ማሰብ የአልቫሬዝን መጽሐፍ ዋጋ አይቀንስም፤ ነገር ግን አንባቢ ሲያመሰግን ግማሹን ምስጋና ለተቀበሏቸው ሰዎች ሊሰጥ ይገባዋል። መጽሐፉ የተጻፈው በአንድ ሰው ብዕር ቢኾንም፥ ያስቻለው የብዙ ሰው መስተንግዶ ነው።

የሚያሳዝነው ጕድለት ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ ገዳማት ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት መነኮሳት በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ ነበሩ። በረሀ አቋርጠው፥ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፥ ከባዕድ ቋንቋና ከባዕድ ገበያ ጋራ ተላምደው ኖረዋል። በመንገድ ምን እንደ በሉ፥ ውኃ በስንት እንደ ገዙ፥ በበሽታቸው ጊዜ ማን እንዳስታመማቸው የሚናገር ጽሑፍ ግን ከብዛታቸው ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ዜና መዋዕሉ ለነገሥታት ነው፤ ገድሉም ለቅዱሳን። በገድላት ውስጥ አልፎ አልፎ እርሻውና ጠላው፥ በሬውና ድርቁ ይገኛል፤ የተጻፈው ግን ተአምሩን ለማስረዳት እንጂ ስለ ራሱ አይደለም።

በዐማርኛ የመንገድ መጽሐፍ አጥብቀው የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የልዑል ተፈሪ መኰንንን የ1924 የአውሮፓ መንገድ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ይህም ስሙ እንደሚያመለክተው የመንገዱን ክብር ለመንገር የተጻፈ ነው። በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ከተመለሱ በኋላ ግን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን አውጥተው የዚያን አገር ታሪክና ልማድ ከኢትዮጵያ ጋራ እያነጻጸሩ ለአንባቢ አቅርበዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቅ ወደ ባሕር ማዶ ሄደው የሌላውን ሕዝብ ኑሮ በዐማርኛ መጻፋቸው ከአባ ጸጋ ዘአብ ዘመን የቀረውን ዕዳ መክፈል መዠመር ነበር።

ዕዳው ግን ገና አላለቀም። ዛሬ የገጠሩ ቄስ ወደ ከተማ፥ የከተማው ሰው ወደ ባሕር ማዶ ዘወትር ይመላለሳል፤ ሥዕል የሚያነሣ መሣሪያም በየሰው እጅ አለ። ሥዕሉ ግን የነገሩን መልክ እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ሽማግሌው ካህን በብርድ ውኃ ውስጥ ለምን እንደ ቆሙ፥ ሕፃኑ ለምን በእቅፍ ሳለ ዲያቆን እንደ ኾነ ጠይቆ መልሱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የደብሩ አለቃ የቤተ ክርስቲያኑን አሠራር፥ የማኅበሩን ጽዋ ሥርዐት፥ የአጥቢያውን የበዓል አከባበር በአንድ ደብተር ቢያኖር፥ የከተማውም ሰው የሠፈሩን ገበያና የዕድሩን ደንብ ቀኑን እየጠቀሰ ቢጽፍ ድካሙ ብዙ አይደለም። ዐምዱን መቍጠር፥ ዋጋውን መመዝገብ፥ ያዩትን ካልሰሙት መለየት፥ የነቀፉትንም ሰው መልሱን አለማስቀረት ከአልቫሬዝ መጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት ነው። ይህ ከተደረገ የሚመጣው ትውልድ ስለ አባቶቹ ማዕድና ስለ አባቶቹ ጸሎት ለማወቅ የእንግዳ ደጅ አይጠናም።